ልዕለ ጀግናው የማን ነው? የኮሚክ ሠዓሊያን ፈጠራና የባለቤትነት መብት

ልዕለ ጀግና ወይም በተለምዶ ‹‹ሱፐር ሂሮ›› የሚባለው ገጸ ባሕርይ ከተራ ሰው የላቀ ኃይል ያለው፣ ማንነቱን በጭምብል ወይም በልዩ አልባሳት የሚሰውርና ኃይሉን ሌሎችን ለመታደግ የሚያውል የፈጠራ ሰው ነው። ይህ ዓይነቱ ገጸ ባሕርይ ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ ሥር የያዘው በ1938 በአሜሪካ ታትሞ በ10 ሳንቲም ለገበያ በቀረበው ‹‹አክሽን ኮሚክስ›› መጽሔት ላይ ሲሆን፣ የጀግናው ስም ሱፐርማን ይባላል።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ የሥዕል ታሪክ ወይም ኮሚክ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች በየአገራቸው የራሳቸውን ልዕለ ጀግኖች ሲፈጥሩ ቆይተዋል። አንዳንዶቹ የቀድሞውን አተራረክ ተችተው አዲስ መልክ ሰጥተውታል፤ ሌሎቹ ደግሞ የሕዝባቸውን ቋንቋ፣ ታሪክና ከተማ አስገብተውበታል። ይሁን እንጂ የዘርፉ ታሪክ የሚያሳየው አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። ይኸውም ጀግናውን የፈጠረው ሰውና የጀግናው ባለቤት ሁልጊዜ አንድ አለመሆናቸው ነው። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ሠዓሊያኑ እንዴት እንደተወጡትና ጉዳዩ የአገራችንን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚመለከትበትን ምክንያት ለማብራራት ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የአገራችን አዋጆች ግን በወጡበት በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ቀርበዋል።

ሐሳቡ የሁሉም፣ ገጸ ባሕርይው የአንድ ሰው

በቅድሚያ መልስ የሚያሻው ጥያቄ አንድ ሠዓሊ ሌላው የጀመረውን የልዕለ ጀግና አተራረክ ተከትሎ የራሱን ሥራ መሥራት ይችላል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ቀደምት ምላሽ የተገኘው ሱፐርማን ለንባብ በበቃ በዓመቱ በተነሳ ክርክር ነበር። በ1939 አንድ ተፎካካሪ አሳታሚ ‹‹ወንደርማን›› የተሰኘ ጀግና የያዘ መጽሔት አወጣ። ገጸ ባሕርይውን የሳለው በኋላ በሙያው እጅግ የታወቀው ዊል አይስነር ነበር። የሱፐርማን አሳታሚ ክስ መሥርቶ ጉዳዩ እስከ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ፍርድ ቤቱ በ1940 በሰጠው ውሳኔ ሁለት ነገሮችን ለያይቶ ተመልክቷል። ብርቱ ጉልበት ያለውና ለተበደለ የሚደርስ ጀግና ከጥንት አፈ ታሪክ ጀምሮ የነበረ በመሆኑ ማንም የግሉ ሊያደርገው እንደማይችል አስታውቋል። በሌላ በኩል ወንደርማን የሱፐርማንን ልዩ ልዩ ድርጊቶችና ዝርዝር መገለጫዎች በቀጥታ የቀዳ በመሆኑ መብት እንደጣሰ ወስኗል። ‹‹ወንደርማን›› ከአንድ እትም በላይ ሳይዘልቅ ቀርቷል።

ይህ ልዩነት ዛሬም የሥነ ጥበብ ሕግ መሠረት ነው። ሐሳብ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ጥበቃ የሚደረግለት ሐሳቡ የተገለጸበት መንገድ፣ ማለትም የተሳለው ሥዕል፣ የተጻፈው ታሪክ፣ የተሰጠው መልክና ጠባይ ነው። መብረር የሚችል ጀግና ማንም ሊስል ይችላል። ነገር ግን ከሩቅ ፕላኔት በሕፃንነቱ ተልኮ በገበሬ ቤት ያደገ፣ በጋዜጠኝነት ሥራ ተሸፍኖ የሚኖር፣ በደረቱ ላይ የተወሰነ ምልክት የለበሰ ጀግና የሳለ ሰው የራሱን ፈጠራ ሳይሆን የሌላውን ሥራ ገልብጧል ማለት ነው።

የዘርፉ መጠሪያ ሳይቀር ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ሆኖ መቆየቱም ይታወቃል። ማርቭልና ዲሲ የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ የአሜሪካ አሳታሚዎች ‹‹ሱፐር ሂሮ›› የሚለውን ቃል በጋራ የንግድ ምልክትነት አስመዝግበው ለአሥርተ ዓመታት ይዘውት ቆይተዋል። በዚህም ምክንያት አነስተኛ አሳታሚዎች ቃሉን በመጽሔታቸው ርዕስ ላይ ለማዋል ይቸገሩ ነበር። አንድ አነስተኛ ድርጅት ባቀረበው የስረዛ ጥያቄ ላይ ሁለቱ ኩባንያዎች መልስ ባለመስጠታቸው፣ የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት በ2024 ምዝገባዎቹን ሰርዟል።

የ130 ዶላር ውል

የሱፐርማን ፈጣሪዎች በክሊቭላንድ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩት ደራሲው ጄሪ ሲግልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር ናቸው። ሁለቱም ከአይሁድ ስደተኛ ቤተሰቦች የተወለዱ ሲሆን፣ ሥራቸውን የሚያትምላቸው አጥተው ለዓመታት ሲንከራተቱ ቆይተዋል። በመጨረሻ በ1938 አሳታሚ ሲያገኙ 13 ገጽ ለሚሆነው ታሪክ በገጽ 10 ዶላር ሒሳብ በጠቅላላው 130 ዶላር ተቀበሉ። በተቀበሉት ገንዘብ ምትክ ግን ገጸ ባሕርይውን ከነሙሉ መብቱ ለአሳታሚው አስተላልፈዋል።

ሱፐርማን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በፊልም የሚቀርብ የብዙ ሚሊዮን ዶላር ሀብት ሆነ። ፈጣሪዎቹ በ1947 መብታቸውን ለማስመለስ ክስ ቢመሠርቱም ገጸ ባሕርይውን መልሰው ሳያገኙ ቀሩ፤ ስማቸውም ከመጽሔቱ ላይ ተነሳ። ከዓመታት በኋላ ሹስተር የዓይኑ ብርሃን ተዳክሞ፣ ሲግል ደግሞ በአነስተኛ ደመወዝ በጽሕፈት ሥራ ተቀጥሮ ይኖር ነበር። ጉዳያቸው በሕዝብ ዘንድ ቅሬታ በማስነሳቱ በ1975 የሱፐርማን ባለቤት የሆነው ኩባንያ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20 ሺህ ዶላር ጡረታ ለመክፈልና የፈጣሪነት ስማቸውን ለመመለስ ተስማምቷል።

የ130 ዶላሩን ክፍያ የያዘው ቼክ በ2012 በጨረታ 160 ሺህ ዶላር ተሽጧል። ገንዘቡ የተላለፈበት ወረቀት ከገንዘቡ ከ1 ሺህ 200 ጊዜ በላይ አውጥቷል ማለት ነው።

የውል አንቀጽና ያልታሰበው ውጤት

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የኮሚክ ባለሙያዎች ከሲግልና ሹስተር ታሪክ ትምህርት ወስደው የተሻለ ውል መጠየቅ ጀመሩ። ሆኖም የተሻለ የሚመስል ውል ሁሉ የታሰበውን ውጤት አላስገኘም። ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ የሚሆነው እንግሊዛውያኑ አለን ሙርና ዴቭ ጊበንስ በ1986 እና በ1987 በ12 ክፍሎች ለዲሲ ያዘጋጁት ‹‹ዎችመን›› ነው።

‹‹ዎችመን›› ስለ ልዕለ ጀግኖች የነበረውን አመለካከት የለወጠ ሥራ ነው። በውስጡ የተሳሉት ጀግኖች የሚያረጁ፣ የሚሳሳቱ፣ ሥልጣናቸውን አላግባብ የሚጠቀሙና በራሳቸው ፍርድ የሰው ሕይወት ላይ የሚወስኑ ናቸው። ሥራው ኃይል ያለውን ሰው ማን ይቆጣጠረዋል የሚለውን ጥያቄ ያነሳ ሲሆን፣ ይህም ሠዓሊያን የልዕለ ጀግና አተራረክን ለከባድ የማኅበራዊ ጉዳይ መወያያ ሊያውሉት እንደሚችሉ አሳይቷል።

ሙርና ጊበንስ በፈረሙት ውል መጽሐፉ ከኅትመት ሲወጣ መብቱ ወደ እነርሱ እንደሚመለስ የሚደነግግ አንቀጽ ነበር። በዘመኑ ኮሚኮች ከጥቂት ወራት በላይ በገበያ ላይ ስለማይቆዩ አንቀጹ ለፈጣሪዎቹ የሚጠቅም መስሎ ታይቷል። መጽሐፉ ግን ተፈላጊነቱ ሳይቀንስ በመዝለቁ ኅትመቱ እስካሁን አልተቋረጠም፤ መብቱም አልተመለሰም። አንቀጹ ቁርጥ ያለ የጊዜ ገደብ ቢኖረው ኖሮ ውጤቱ የተለየ ይሆን እንደነበር መገንዘብ ይቻላል።

ባለቤትነትን የመረጡ ሠዓሊያን

በ1992 በማርቭል ኩባንያ ከፍተኛ ሽያጭ ያስገኙ የነበሩ ሰባት ሠዓሊያን ከኩባንያው ተለይተው ኢሜጅ ኮሚክስ የተባለውን አሳታሚ አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ መካከል ቶድ ማክፋርሌንና ጂም ሊ ይገኙበታል። የድርጅቱ መሠረታዊ መርህ አንድ ነበር። አሳታሚው ከስሙና ከዓርማው በስተቀር የማንንም ፈጠራ በባለቤትነት አይዝም፤ ገጸ ባሕርይው የፈጣሪው ሆኖ ይቀጥላል። ማክፋርሌን በዚሁ ዓመት ያወጣው ‹‹ስፖን›› የመጀመሪያ እትሙ ወደ 1 ነጥብ 7 ሚሊዮን ቅጂ ተሽጧል።

የባለቤትነት መርህ ብቻውን ግን የጽሑፍ ውልን አይተካም። ማክፋርሌን እንግሊዛዊው ደራሲ ኒል ጌይማን የ‹‹ስፖን››ን ዘጠነኛ እትም እንዲጽፍለት በ1993 ሲጋብዘው ስምምነታቸው በቃል ነበር። በእትሙ ውስጥ የተፈጠሩት አዳዲስ ገጸ ባሕርያት የማን ናቸው የሚለው ጥያቄ ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ደረሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2004 ጌይማን የጋራ ባለቤት መሆኑን አረጋግጧል። ለፈጣሪዎች መብት ሲሟገት የነበረው ሠዓሊ የሌላውን ፈጣሪ ድርሻ በጽሑፍ ባለማስፈሩ ለረጅም ክርክር ተዳርጓል።

ኢሜጅ ኮሚክስ ከተቋቋመ ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ አራት ጥቁር አሜሪካውያን፣ ማለትም ድዌይን ማክደፊ፣ ዴኒስ ኮዋን፣ ማይክል ዴቪስና ዴሪክ ዲንግል ማይልስቶን ሚዲያ የተባለውን ድርጅት ይዘው ቀረቡ። ዓላማቸው ጥቁሮችና ሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች በሌሎች እጅ ብቻ ከመሳል ወጥተው በራሳቸው ባለሙያዎች እንዲቀርቡ ማድረግ ነበር። የማተምና የማከፋፈል አቅም ስላልነበራቸው ከዲሲ ጋር ተዋዋሉ። በውሉም ዲሲ መጽሔቶቹን አትሞ ሲያከፋፍል፣ የገጸ ባሕርያቱ መብት ግን በማይልስቶን እጅ ቀረ።

ከድርጅቱ ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ የሆነው ‹‹ሃርድዌር›› በይዘቱም ይህንኑ ጉዳይ ያነሳል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ለአንድ ትልቅ ኩባንያ በርካታ የፈጠራ ውጤቶችን ያስገኘ፣ ከትርፉ ድርሻ ሲጠይቅ ግን የተከለከለ መሐንዲስ ነው። ማይልስቶን በ1997 የመጽሔት ኅትመቱን ቢያቋርጥም ‹‹ስታቲክ›› የተባለው ወጣት ጀግናው ከ2000 እስከ 2004 በ52 ክፍሎች በቴሌቪዥን ቀርቧል። መጽሔቱ ሲቆም ገጸ ባሕርይው አብሮ እንዳይጠፋ ያደረገው በሕግ የታወቀ ባለቤት የነበረው መሆኑ ነው።

በአፍሪካ የታየው ለውጥ

አፍሪካዊ ልዕለ ጀግና በዓለም ገበያ የታወቀው በቅድሚያ በውጭ ሰዎች እጅ ነው። የዋካንዳ ንጉሥ ሆኖ የተሳለው ብላክ ፓንተር በ1966 በስታን ሊና በጃክ ከርቢ የተፈጠረ ሲሆን፣ በ2018 የወጣው ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ1 ነጥብ 3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ለናይጄሪያ አንባቢዎች ታስቦ የተዘጋጀው ‹‹ፓወርማን›› የተሰኘ ኮሚክም ቢሆን የተሳለው በእንግሊዛውያን ሠዓሊያን ነበር። ከሠዓሊያኑ አንዱ በኋላ ‹‹ዎችመን››ን የሳለው ዴቭ ጊበንስ ነው።

ከ2010 ወዲህ ሁኔታው መለወጥ ጀምሯል። ደቡብ አፍሪካዊው ሎዪሶ ምኪዜ በ2014 የጀመረው ‹‹ክዌዚ›› ጆሃንስበርግን በምትመስል ከተማ የሚኖርን ወጣት ታሪክ የሚተርክ ሲሆን፣ የአገሩን ወጣቶች አነጋገርና አኗኗር ይዞ ቀርቧል። በሌጎስ ያደገው ናይጄሪያዊው ሮዬ ኦኩፔ ደግሞ አሳታሚ ሲያጣ በኢንተርኔት ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ በ2015 የመጀመሪያ መጽሐፉን በራሱ ድርጅት አወጣ። አንባቢ ካፈራ በኋላ በ2021 ዳርክ ሆርስ ከተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ጋር አሥር መጽሐፎችን ለማሳተም ተስማማ። ከዮሩባ ባህል የተቀዳው ‹‹ኢያኑ›› የተሰኘው ሥራውም በ2025 በአኒሜሽን ለቴሌቪዥን ቀርቧል። ኦኩፔ ከትልቁ አሳታሚ ጋር የተደራደረው ሥራውን አስቀድሞ በራሱ ስም ካወጣና አንባቢ እንዳለው ካሳየ በኋላ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በኢትዮጵያ

በተከታታይ ሥዕሎች ታሪክን መተረክ ለአገራችን ሠዓሊያን እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በ44 ትናንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎና ከሥሩ አጭር ጽሑፍ ተደርጎለት የሚሳልበት የቆየ ልማድ አለ። አንባቢው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እያየ ታሪኩን የሚከታተልበት ይህ አሣሣል ዛሬ ኮሚክ ከሚባለው ጋር ብዙ የሚጋራው ነገር አለው።

በልዕለ ጀግና ዘርፍ የሚጠቀሰው በብስራት ደበበ የተመሠረተው እጣን ኮሚክስ ነው። አዲስ አበባ አድጎ ወደ አሜሪካ ያቀናው ብስራት በ2018 ‹‹ጀምበር››ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አቅርቧል። የታሪኩ ባለቤት አማኑኤል ጥላሁን የተባለ፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ በመፈለግ ላይ ሳለ ያልተጠበቀ ኃይል የሚያገኝ ወጣት ነው። ቀጥሎ የመጣችው ‹‹ሃዊ›› ደግሞ ሴት ጀግና ናት። በዚህ አቀራረብ አንድ የአዲስ አበባ ወጣት በየቢሮው በር ማስታወቂያ ሲያነብ የሚያሳልፈው ቀን ለልዕለ ጀግና ታሪክ መነሻ ሊሆን እንደሚችል ታይቷል።

በሌላ በኩል ‹‹ፀሐይ መማር ትወዳለች›› በተባለው የልጆች ፕሮግራም የሚታወቀው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ታዳጊ ልጃገረዶችን የያዘውን ‹‹ጥበብ ገርልስ›› የተሰኘ ሥራ አዘጋጅቷል። ሥራው ያለዕድሜ ጋብቻንና ሴት ልጆችን የሚጎዱ ሌሎች ልማዶችን ልጆች በሚረዱት መንገድ ያነሳል። ይህም ልዕለ ጀግና ከመዝናኛነት ባሻገር ለሕዝብ ትምህርት ሊያገለግል እንደሚችል ያመለክታል።

ሕጉና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድርሻ

በአገራችን የዘርፉ ዋና ሕግ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ ሥራው ወጥ ከሆነና ግዙፍነት ካገኘ፣ ማለትም በወረቀት ወይም በሌላ ነገር ላይ ከሰፈረ፣ ከተፈጠረበት ጊዜ አንስቶ ጥበቃ ያደርግለታል። የሥራው ጥራት ወይም ዓላማ ለጥበቃው መመዘኛ አይሆንም። ኢኮኖሚያዊ መብቱም በመርህ ደረጃ የሥራ አመንጪው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል። ጉዳዩን የሚከታተለውም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

ለመንግሥት ሠራተኞች ልዩ ትኩረት የሚሻው ግን ሌላው ድንጋጌ ነው። አንድ ሥራ በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ እንደሆነ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር የመጀመሪያው ባለመብት አሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው አካል ይሆናል። አንድ ጤና ቢሮ ስለ ወባ መከላከል፣ አንድ የትራፊክ ጽሕፈት ቤት ስለ መንገድ ደኅንነት፣ አንድ የትምህርት መሥሪያ ቤት ስለ ንባብ የሚያስተምር ጀግና እንዲስልለት አንድ ወጣት ሠዓሊ ቢያዝ፣ ውሉ ዝም ካለ ጀግናው የመሥሪያ ቤቱ ሆነ ማለት ነው። ሠዓሊው ያንኑ ገጸ ባሕርይ በመጽሐፍ ሊቀጥለው ወይም ለፊልም ሊያውለው ቢፈልግ የመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ፖስተሩን ማተም፣ በራሪ ጽሑፉን ማሰራጨትና በሌላ ቋንቋ ማዘጋጀት መቻል ነው። ለዚህ ገጸ ባሕርይውን ለዘለዓለም መውሰድ የግድ አያስፈልግም፤ በውሉ ላይ የመጠቀም ፈቃድ ማግኘት ይበቃል። በአንጻሩ መሥሪያ ቤቱ ሙሉ መብት የሚያስፈልገው ሆኖ ሲያገኘው ይህንኑ በግልጽ አስፍሮ ተመጣጣኝ ክፍያ ሊመድብለት ይችላል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን ጉዳዩ ሊወሰን የሚገባው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው።

በመሆኑም የግዥ፣ የሕግና የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች የሥዕል ሥራ በሚያዙበት ጊዜ በውሉ ውስጥ አምስት ነጥቦችን ማካተታቸው ጠቃሚ ነው። እነዚህም የገጸ ባሕርይው ባለመብት ማን እንደሆነ፣ ሌላኛው ወገን ለምን አገልግሎትና በምን ቋንቋ ሊጠቀምበት እንደሚችል፣ ፈቃዱ በዓመት ተቆጥሮ መቼ እንደሚያበቃ፣ የሠዓሊው ስም በሥራው ላይ እንዴት እንደሚጠቀስ፣ ሥራው ከታሰበው በላይ ገቢ ቢያስገኝ ድርሻው እንዴት እንደሚሆን ናቸው። ሦስተኛው ነጥብ የ‹‹ዎችመን››ን፣ አምስተኛው ደግሞ የሱፐርማንን ክርክር ያስታውሳል።

ከ1938 ወዲህ በርካታ ሠዓሊያን ልዕለ ጀግናውን እንደየዘመናቸውና እንደየአገራቸው ደጋግመው ስለውታል። ማንም አዲስ ጀግና እንዳይስል የሚከለክለው ሕግ የለም። ይሁን እንጂ ሲግልና ሹስተር በ1938 የፈረሙት ወረቀት አጭር ነበር። ዛሬም ቢሆን አንድ ወጣት ሠዓሊ የፈጠረውን ጀግና ይዞ መቀጠሉ ወይም አለመቀጠሉ በአብዛኛው የሚወሰነው በአንድ ጠረጴዛ ላይ በሚዘጋጅ ጥቂት ገጽ ውል ነውና፣ ውሉን የሚያዘጋጀው ባለሙያ የሥራውን ክብደት ተገንዝቦ ሊያዘጋጀው ይገባል።